የሞራ አንባቢው ጉበት

አባቴ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም። ጌታን ከመቀበሉ በፊትም አይወድም ነበር፤ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ የመጠጥ ሽታ ያለበት ቤት ገብቶ አይቀመጥም። ስለዚህ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ዶክተር ቀዝቃዛውን ጄል ሆዱ ላይ እየቀባ «አባባ፣ መጠጥ ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አባዬ ከአልጋው ቀና ብሎ ያየው እኔን ነው።

«ምን እያለ ነው ይሄ ልጅ?» አለኝ በሀዲይሳ። አማርኛውን ሰምቶታል፤ ማመን ስላቃተው ነው።

«ትጠጣለህ ወይ ነው የሚልህ።»

«ንገሪው እንጂ!»

«አይጠጣም» አልኩት ለዶክተሩ። «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው።»

«ሽማግሌም ይጠጣል» አለ ዶክተሩ። ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፤ መቀለድ ይወዳል። የኔን ፊት ሲያይ ግን ቀልዱን ዋጠው።

እዚያው ክሊኒክ ነው የምሠራው፣ ሆሳዕና፣ ካርድ ክፍል። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ነጥቤ የትም አላስገባኝም፣ ካርድ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ለማይሆንልኝ ለኔ ይሄ ሥራ ቅጣት ነው። ካርድ ይዤ ክፍል ለክፍል ስዞር ውዬ የማይመለከተኝን ሁሉ እጠይቃለሁ። አባዬን ወደ ክሊኒኩ ያመጣሁትም በዚሁ በማያርፍ አፌ ነው። ከጓሮ እስከ አጥር በር ሄዶ የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ነበር። ቀኝ ጎኑን ይከብደዋል። «መሬቱን ለወንድሜ ሰጥቼ ከተማ ገባሁ፤ ሥራ ፈትቼ ነው» ይላል። «ሥራ የፈታ ሰው ቀኝ ጎኑን ብቻ አይከብደውም» አልኩና በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት።

ዶክተሩ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። «ይቺ ኩላሊት ናት። ይሄ ደግሞ ጉበት። ሁለቱ መልካቸው መቀራረብ ነበረበት። አየሽ ጉበቱ እንዴት እንደሚያበራ? ስብ ነው።»

አየሁ። ሐምሌ ጠዋት ገጠራችን ሌሞ ላይ ማሳውን የሚሸፍነው ጭጋግ ነው የመሰለኝ። የአባቴ ሆድ ውስጥ ጭጋግ ተኝቷል። ደነገጥኩ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከመደንገጤ በፊት ተደነቅኩ። የወለደኝን ሰው ከውስጥ አየሁት!

«ወፍራም እኮ አይደለም» አልኩ።

«ወፍራም መሆን የለበትም። መጠጣትም የለበትም። አሁን ገና ስብ ብቻ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ግን ጉበቱ ይቆስላል፤ ቁስሉ እየጠጠረ ይሄዳል። ከጠጠረ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ከያሆዴ በዓል በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ አምጪው እናየዋለን።» ከዚያ ወደ አባዬ ዞረ። «አባባ፣ በቀን ስንት ለስላሳ ይጠጣሉ?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። «እንደ ሽምግልናው ብዛት ነው።»

ይሄ ቀልድ አይደለም፤ በኛ አገር የማይጠጣ ሽማግሌ ከመጣ ለስላሳ ይከፈትለታል። ጊምቢቹ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ይሄዳል፣ ሁለት ጠርሙስ። ዱራሜ ድረስ ሽማግሌ ሆኖ ለጋብቻ ይላካል፣ ሦስት ጠርሙስ፤ እምቢ ማለት የልጅቷን ቤት መናቅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጠብ ሲያበርድ፣ የሰው ልጅ ሲድር፣ እየተከፈተለት ጠጥቷል። ሰካራም ላለመሆን የጠጣው ነገር ጉበቱን አበራው።

ስንወጣ አባዬ ክንዴን ያዘኝ። የተጨነቀው ለጉበቱ መስሎኝ ነበር። «ጉበት እንዳትዪ» አለኝ። «ለማንም። ጉበት ከተባለ ሰው አረቄ ነው የሚሰማው። ነገ በየትኛው አፌ ነው ሰካራም የምገሥጸው?»

«እና ምን ልበል?»

«ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።»

ለሱ መተዌ የኔ ጥፋት ነው።

የነገራት አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ጉበቴን አሞኛል። ስብ አላለም። ለስላሳ አላለም። እማዬ ደግሞ ከጠቅላላው የሰው አካል ውስጥ ስለ ጉበት የራሷ እውቀት አላት። ጉበት የሚታመመው ሲደርቅ ነው። የደረቀ ነገር የሚድነው በቅቤ ነው። የደረቀ ቆዳ በቅቤ፣ የደረቀ ራስ በቅቤ፣ አራስ በቅቤ፣ ከወፍጮ የተመለሰች ደካማ ሴት በቅቤ። ከጎረቤት ሴቶች ጋር በየተራ እያዋጡ ለያሆዴ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የሚያጠራቅሙት ቅቤ ነበራት፤ ተራው የሷ ደርሶ እንስራው ሞልቷል። ከዚያ እየቀነሰች ታቀልጥለት ጀመር። በየማለዳው፣ እኔ ሥራ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ ጣሳ።

አንድ ጠዋት የቢሮ ቁልፍ ረስቼ ተመለስኩ። አባዬ ጓዳ ውስጥ ቆሞ፣ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል። ከንፈሩ ወርቅ የተቀባ ይመስላል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት» አለች እማዬ።

«እማዬ! ጉበቱ ላይ እኮ ስብ ነው ያለው!»

«ቢኖርስ?» አለች፤ ለካ እሱንም በኋላ ነግሯታል። «ስብ የበሬ ነው። ቅቤ የወተት ነው። ምን አገናኛቸው? የበሬ ስብ የረጋበትን ድስት በምንድን ነው የምታጥቢው? በትኩስ ነገር አይደለም? እኔም እያጠብኩለት ነው።»

«አባዬ፣ አንተስ አፍ የለህም?»

«አፌን ቅቤ ሞልቶታል» አለና ጣሳውን አስቀመጠ። ሳቅ ሊያመጣ ነበር፤ አልመጣም። «እሷ ስትሰጠኝ እምቢ ልበል?»

«አዎ!»

«አንቺ ካርድ ፈላጊ!» አለችኝ እማዬ። «ስም ከካርድ ላይ ማንበብ ያስተማሩሽ ሰዎች ባሌን ልትነጥቂኝ ላኩሽ? በዚህ ቅቤ ነው አንቺን ያሳደግኩሽ። ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እየተሳደብኩ ሄድኩ። ያን ቀን በምሳ ሰዓት ዶክተሩ በሶውን እየጠጣ ሳለ ክፍሉ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። «አስረዳኝ» አልኩት። «ቅቤ ከአፍ እስከ ጉበት እንዴት ነው የሚደርሰው? እናቴን የምረታበት ነገር እፈልጋለሁ።»

ከልቡ ሳቀብኝ። ከዚያ ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ገልብጦ ጀርባው ላይ መሣል ጀመረ።

ሥነ ሕይወት ተምሬያለሁ። የአንጀትን ግድግዳ ሥዕል እስካሁን በቃሌ እሥለዋለሁ፤ ለፈተና አጥንቼ፣ ጽፌ፣ ረስቼዋለሁ። ያኔ አስተማሪው አንድም ቀን «ይሄ አሁን ሆድሽ ውስጥ አለ» አላለኝም። ዶክተሩ ያን ቀን የነገረኝን ስሰማ ግን ሆዴን በእጄ ይዤ ነው የቀረሁት።

ቅቤ በውኃ አይሟሟም አይደል? ስለዚህ ጉበት ራሱ ሐሞት ሠርቶ ወደ አንጀት ይልካል፤ እንደ ሳሙና። አንጀት ቅቤውን በሱ ይሰባብረዋል፣ ወደ ግድግዳው ያስገባዋል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ መልሶ ይገጣጥመዋል። ከዚያ ጥቃቅን እሽጎች አድርጎ፣ በላዩ ልብስ አልብሶ ይልከዋል። «ስኳር በቀጥታ በደም ሥር ወደ ጉበት ይሄዳል» አለ ዶክተሩ። «የአባትሽ ለስላሳ በዚህ በኩል ነው የሚገባው፤ ጉበት ሲበዛበት እሱን ራሱ ስብ ያደርገዋል። ቅቤ ግን ሌላ መንገድ አለው። ደም የማይሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። በነሱ ተጉዞ እዚህ ጋ ይወጣል።» አንገቱ ሥር፣ ከግራ ትከሻው አጠገብ ነካ። «ከዚህ ደም ውስጥ ይገባል፣ ልብን ያልፋል፣ ሰውነትን ይዞራል። የተረፈው ነው ጉበት የሚደርሰው። ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ፣ ከሚያወጣው በላይ ሲገባበት ያጠራቅማል።»

«አንጀት ይሄን ሁሉ ያውቃል?»

«ገና ምን ሰማሽ! አንጀት ሁሉንም ስብ ወዲያው አይልከውም። ጥቂቱን ግድግዳው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ነገ ጠዋት ቁርስ ስትበዪ ነው የሚለቀው። ደምሽ ውስጥ ከቁርስ በኋላ ከሚገኘው ስብ የተወሰነው የትናንት ራት ነው።»

ቁጭ አልኩ። እኔ፣ መቀመጥ የማልችለው። ትናንት የበላሁት ጎመን በቅቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ሆዴ ጓዳውን ከፍቶ የትናንቱን አወጣው ማለት ነው፤ እኔን ሳይጠይቅ፣ ሳይነግረኝ። በጓዳ ማስቀመጥን ከእናቶቻችን የተማርን ይመስለኝ ነበር። ለካ አንጀታችን ቀድሞ ያውቃል።

ማታ የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት አባዬ ጉልበት ላይ ዘረጋሁት። እማዬ ጎረቤት ነበረች። በሀዲይሳ ለማስረዳት ላቤ ጠብ አለ። ቱቦዎቹ ጋ ስደርስ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈ።

«እነዚህ ነጭ ናቸው» አለ።

«ዶክተሩ ቀለም አልነገረኝም።»

«እኔ ልንገርሽ። ነጭ ናቸው። ጡት ጠብቶ በታረደ ጠቦት ላይ ይታያሉ። እንደ ክር ናቸው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ወጣት ሳለ ሞራ ያነብ ነበር። በሬ ሲታረድ አንጀቱን የሸፈነውን ስስ ስብ በብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ የደም ሥሩን አቅጣጫ እያየ፣ ዝናብ ይሆናል፣ ልጅ ይወለዳል፣ እገሌ ይጠንቀቅ ይላል። ከአያቴ ነው የተማረው። ጌታን ሲቀበል ተወው። ከዚያ ወዲህ ቢላ ይዞ ያርዳል፣ ይበልታል፣ ሆድ ዕቃው ሲከፈት ግን ፊቱን ያዞራል። ዓይኑ ያለ ፈቃዱ እንዳያነብ ነው። ስለዚያ ዘመን አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ያን ምሽት አነሳ።

«አባቴን ምንድን ናቸው ብዬ ጠየቅኩት። የሚነበቡ አይደሉም፣ ዝም ብለህ እለፋቸው አለኝ። አለፍኳቸው።» ሥዕሉን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ለካ የሚነበቡት እነሱ ነበሩ።»

በማግስቱ ጣሳውን አልጠጣም። እማዬ አኮረፈች። ቅቤውን እምቢ አላት ማለት እሷን እምቢ አላት ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው የገባት። ለስላሳውንም ተወ፤ በሽምግልና ቦታ ጠርሙስ ሊከፈትለት ሲል «ዝንጅብል ሻይ ያለ ስኳር» የሚል ታክቲክ ዘየደ። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ መሄድ ጀመረ። ቤት ውስጥ ግን ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ነሐሴ ሙሉ። እማዬ ምግቡን ታስቀምጥለታለች፣ ዞር ትላለች። እኔን ደግሞ ጭራሽ አታየኝም።

መስከረም ላይ ለያሆዴ ሌሞ፣ አጎቴ ቤት ሄድን። ከበዓሉ ቀን በፊት ጠዋት ላይ አንዲት ጠቦት ቦይ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። እናቷን ስትጠባ አድራ፣ ጠዋትም ጠብታ ነበር። አጎቴ «ለነገ አትደርስም፣ ዛሬ ትታረድ» አለ። አባዬ አረደ። ቆዳው ተገፈፈ፣ ሆዷ ተከፈተ። እንደ ልማዱ ፊቱን ሊያዞር ጀምሮ ነበር፤ ቆመ። ጎንበስ አለ። አንጀቱን ከነሽፋኑ በሁለት መዳፉ አነሳ።

«ወንድሜ፣ ልትተነብይልን ነው?» አለ አጎቴ። «ለፓስተሩ እነግርብሃለሁ!»

«ዝም በልና ከብርሃኑ ላይ ዞር በልልኝ» አለ አባዬ። ከዚያ ጮኾ እማዬን ጠራት። ከነሐሴ ወዲህ ስሟን ሲጠራ ያን ጊዜ ሰማሁት።

እማዬ ከእንሰቱ ጥግ፣ ውኃ ስታዘጋጅ ከነበረችበት፣ እጇን እያራገፈች መጣች። «አንጀቱን ስጠኝና ልጠብ፣ ምን ያስጮህሃል?»

«አንቺ ጋ ከመድረሱ በፊት እዪው።»

ፀሐይዋ ላይ ዘረጋው። ሽፋኑ ከመሳሳቱ የተነሳ የአባዬ ጣቶች በወዲያ በኩል ይታዩ ነበር። መካከሉ ላይ፣ ከአንጀቱ ጠርዝ ተነስተው ወደ ሥሩ የሚሮጡ፣ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍሩ ነጫጭ መስመሮች። ብዙ ናቸው፤ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ነጭነታቸው የወተት ነጭነት ነው። ቀይ የደም ሥሮቹ በአጠገባቸው ሌላ መንገድ ይዘው ይሄዳሉ። ዶክተሩ በእስክሪብቶ የሣለልኝ ነበር፤ ግን ሕያው። አሁን፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ይሄ ነገር እየሄደ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

«ጠዋት የጠባችው ነው» አለ አባዬ በለሆሳስ። «የእናቷ ወተት ቅባት። ከአንጀት ወጥቶ በዚህ ይሄድና በአንገት በኩል ደም ውስጥ ይገባል። የምትሰጪኝ ቅቤም እንደነዚህ ባሉት ነበር የሚሄደው። ዞሮ ዞሮ የተረፈው እዚህ ነው የሚያርፈው።» በደም የተነከረ ጣቱን ቀኝ ጎኑ ላይ አሳረፈ፤ ሸሚዙ ተበላሸ። «ወተትም ይሁን ቅቤ፣ ሲደርስ ስብ ነው።»

እማዬ ጎንበስ ብላ ቀረች። እያየነው መስመሮቹ ደበዘዙ፤ መጀመሪያ ጫፎቹ፣ ከዚያ መካከሉ። ጥቂት ቆይቶ ሽፋኑ ባዶ ነበር፤ ምንም ያልተጻፈበት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አንጀት አጥቤያለሁ» አለች። ድምጿ የልጅ ሆነ። «ስንቱን በሬ፣ ስንቱን በግ። አንድም ቀን አላየሁትም።»

«ሴቶች ጋ ሲደርስ ይጠፋል» አለ አባዬ። «እኛ ነን ያየነው። እኛም አልነገርናችሁም።»

በማግስቱ አታካናው ቀረበ። ለማያውቀው፣ አታካና ቡላ በወተትና በቅቤ ተለውሶ የሚሠራ የበዓል ምግብ ነው፤ ቅቤው በላዩ ላይ ኩሬ ሠርቶ ካልቆመ ባለቤቷ ንፉግ ትባላለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሚስት ለባሏ ታጎርሳለች። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። እማዬ ማንኪያውን አነሳች፣ ቅቤውን ዛቀች፣ ያዘችው። ከዚያ ዞራ አጎቴን አጎረሰችው።

«ምነው?» አለ አጎቴ አፉ እንደሞላ። «ከተማ ገብታችሁ ቅቤያችንን ናቃችሁት? ወይስ ባልሽ ከሰው የደበቀው ነገር አለ? ጉበት ጉበት ሲሉ ሰምቻለሁ። ጉበት የሚያመው ደግሞ…»

አባዬ አቀረቀረ። የፈራው ቀን መጣ። እኔ አፌን ልከፍት ስል እማዬ ቀደመችኝ።

«አረቄ ልትል ነው? በል!» አለች። «ያጠጣሁት እኔ ነኝ። የሚያለሰልሰው መስሎኝ ቅቤ በጣሳ አጠጥቼዋለሁ። ከኔ ሌላ ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ በየደጃችሁ ለስላሳ እየከፈታችሁ። ባሌ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው፤ የታመመው በኛ መውደድ ነው። ዛሬ ጎመኑንና ቆጮውን ነው የሚበላው። የናቀ የመሰለው የኔን ድርሻ ይውሰድ!»

መጀመሪያ የሳቀችው የአጎቴ ሚስት ናት። «እኔ እወስዳለሁ» አለች። አባዬ ጎመኑን በላ። ከዚያ ወዲህ ጉበቴ የሚለውን ቃል በሰው ፊት ይናገራል። በሽምግልና ቦታ ለስላሳ ሲከፈት «የኔን ለልጆች ስጡ፣ ጉበቴ ስብ አለበት» ይላል፤ ሌሎች የማይጠጡ ሽማግሌዎችም ዓይናቸውን ወደ ጠርሙሳቸው ይጥላሉ።

ኅዳር ላይ ዶክተሩ አየው። ጭጋጉ ሳስቷል፤ አልጠፋም። አልጠጠረም። «ይቀጥሉ» አለው፤ ሌላ ተአምር የለም።

እኔን የገረመኝ ግን ከሌሞ ስንመለስ የሆነው ነው። ጋሪ እምቢ ብለን በእግር ነበር የምንመጣው። አባዬ ከፊት ቀድሞናል። እማዬ ዱላዋን ይዛ ስትሄድ ቆየችና ቆመች።

«እኔስ?» አለችኝ።

«ምን አንቺስ?»

«እሱን ሳጠጣ ለብቻው አይደለም የጠጣው። ከጣሳው የተረፈውን ማን የሚጠጣው ይመስልሻል? ቅቤ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።» እጇን ቀኝ ጎኗ ላይ አደረገች፤ የማታውቀውን ሰው ደጅ እንደምታንኳኳ ሴት በቀስታ። «የኔም ውስጥ እነዚያ ክሮች አሉ?»

«አሉ እማዬ።»

«አሁንም እየሄዱ ነው?»

«አሁንም።»

ሆዷን ቁልቁል አየችው። ሰባት ልጅ የወጣበትን ሆድ ገና ዛሬ ያየችው ነው የሚመስለው። «እንግዲያው ያ የክሊኒኩ ልጅ እኔንም ይየኝ» አለችና ዱላዋን ተመርኩዛ ቀጠለች፤ ከኔ ፈጥና።